የርእስ ፊደል ከስሜን ተራሮች ግርጌ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መሐንዲሱ ፍሥሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው የአማርኛን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ሲሠሩ ለድርጅታቸው ያወጡለት ስም ዳሽን ነበር። ዛሬ ዳሽን ሲባል ባንኩ ወይም ቢራው ትዝ የሚለው ሰው ይበዛል፤ ሁለቱም ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የስሜኑ ራስ ዳሽን ከባንክና ከጠመቃ በፊት ስሙን ለፊደል ሥራ አውሷል።

ከተራራው ግርጌ ባሉት ከተሞች ግን የፊደሉ ኑሮ እንደ ስሙ አልደረጀም። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት፣ የውጭ እንግዳ የለመደች ከተማ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የሆቴሉም የአስጎብኚውም ታፔላ በሁለት ቋንቋ መጻፉ እየተለመደ ሄዷል። ለእንግሊዝኛው መስመር የሚሆን ፎንት ሞልቶ ተርፏል፤ ባለ ጥላው፣ ባለ ጌጡ፣ የካውቦይ ፊልም ርእስ የሚመስለው ሁሉ ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው አማርኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለደብዳቤ መጻፊያ የተሠራ ፊደል ነው፤ ቦታ እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጧል። ችግሩ የደባርቅ ብቻ አይደለም፤ ዳባትም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በባነር አታሚው ላይ መጫን ግን ግፍ ነው፤ ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የጀመረ፣ ብዙ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ጉድለት ነውና።

ፊደል ቀራጮች ሁለት ዓይነት ፊደል ይለያሉ። አንዱ የንባብ ፊደል ነው፤ መጽሐፍና ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ዐይን ሳይደክም ገጽ በገጽ የሚከተለው። ሌላው የርእስ ፊደል ነው፤ ለጋዜጣ አናት፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለታፔላና ለፊልም ፖስተር የሚሆን፣ ከሩቅ የሚጣራ። የግእዝ ፊደል በማተሚያ ከታተመ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የመንግሥትም የሚሲዮንም የኩባንያም ገንዘብና ድካም የፈሰሰው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለተኛው ብቻቸውን ለሚሠሩ ሰዎች የተተወ ሥራ ሆኖ ኖረ።

ኅትመት አገር ከመግባቱ በፊት ግን ትልቁ ፊደል በዚህ አካባቢ ባለቤት ነበረው። በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን ለቤተ መንግሥትና ለታላላቅ አድባራት በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ ጉልሕ የሚባለው አጻጻፍ ደረጀ። ፊደሉ ሰፊና ትልቅ ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት ለጋስ። አንድ ገጽ ላይ የሚሰፍረው መስመር ጥቂት ስለሆነ ብራና ለመቆጠብ የማይጨነቅ ሰው ያሠራው መሆኑ ያስታውቃል። ለዘወትር ሥራና ኪሱ ላልሞላ ባለ መጽሐፍ ረቂቅ የተባለው ቀጭን አጻጻፍ ነበረ። ጎንደር እንግዲህ ሁለቱንም ታውቅ ነበር፤ የሚነበበውንም የሚታየውንም።

የቁም ጽሕፈት ሥራ የሚጀምረው ከፍየል ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በመወጠሪያ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ጸሐፊው በወስፌ ጫፍ መስመር ያሰምርበታል፤ መስመሩ ቀለም የለውም፣ ብራናው ላይ የሚቀር ስርጉድ ብቻ ነው። ብዕሩ መቃ ነው፤ ጫፉ በቢላ ተስሎ ጠፍጠፍ ይላል። ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይተዋል፤ የግእዝ ፊደል ዛሬም ድረስ በስልክ ስክሪን ላይ የሚታየው መልኩ ከዚህ የመጣ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይሠራል። ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ደግሞም ለመጽሐፉ መግቢያ መስመሮች ይጠበቃል። ከመግቢያው አናት ላይ ሐረግ ይሳላል፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ባለ ቀለም ጌጥ። ሐረጉና ቀዩ ቀለም ዛሬ ከርእስ ፊደል የሚጠበቀውን ሥራ ይሠሩ ነበር፤ የገለጠው ሰው ንባቡ ከየት እንደሚጀምር በአንድ እይታ ያውቃል።

ወገራና ስሜን ከዚህ ጥበብ የራቁ አልነበሩም። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ በአድርቃይ በኩል ወደ ዋልድባ የሚያደርሰው መንገድ የመነኮሳትና የተማሪዎች መንገድ ነው። በእነዚሁ ተራሮች የኖሩት ቤተ እስራኤልም ኦሪታቸውን በዚሁ ፊደል፣ በዚሁ ብራና ላይ ይጽፉ ነበር፤ አንዳንዱንም መጽሐፍ የጻፉላቸው ክርስቲያን ጸሐፊዎች ናቸው። ሃይማኖቱ ቢለይም ብዕሩና የእጁ ሥልጠና አንድ ነበር።

በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ያለችው ደረስጌ ማርያም የዚህ ታሪክ አንድ ማኅተም ናት። ያሠሯት ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ በአገልግሎታቸው ሥር የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደርም ሠርቶባታል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ያደረጉት ካሣ ኃይሉ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያስሰበሰቧቸው መጻሕፍት በኋላ ወደ መቅደላ ተጋዙ። መቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ አሁን ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከጉልሕ አጻጻፍ ምርጥ ናሙናዎች በርካታው እዚያ ነው ያለው። ስለዚህም ዛሬ ከደረስጌ ተራራ ሥር ፊደል መቅረጽ የሚፈልግ ወጣት የአያቶቹን እጅ ለማየት ለንደን ያነሣችውን ፎቶ መክፈት ይኖርበታል። ይህን ሲያስቡት ያበሳጫል፤ ፎቶው መኖሩ ግን መልካም ነው።

የብረቱ ፊደል ታሪክ ደግሞ ጭራሽ ከአገር ውጭ ተጀመረ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው፤ ቄሱ ግን የተማረው ቋንቋ ከለዳዊ ይመስለው ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549፣ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በመጽሐፉ ላይ ስለ ግድፈቱ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች የሚለቅሙትን ማንበብ የማይችሉ ነበሩና። አንድ መነኩሴ ከአገሩ ርቆ፣ ፊደሉን በማያውቁ እጆች መካከል ቆሞ 27 መጻሕፍት ያሉትን ሐዲስ ኪዳን ማሳተሙ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ግድፈቱ ቢበዛ ምን ይገርማል!

ከዚያ በኋላ ሂዮብ ሉዶልፍ መጣ፤ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር አማካይነት በ1840 ሙሉው ታትሞ ወጣ። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ፊደሉ በብረት ሲቀረጽ ዓላማው አንድ ነበር፤ ወንጌልና ሰዋስው በደንብ እንዲነበብ። ታፔላ የሚያሠራ ነጋዴ፣ ፖስተር የሚያዝ ቲያትር ቤት አልነበረምና የርእስ ፊደል የጠየቀም አልነበረም። የላቲኑ ፊደል በዚሁ በ19ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ ለማስታወቂያ ሲል ወፍሮ፣ ጥላ አውጥቶ፣ በእንጨት ሳይቀር እየተቀረጸ ግድግዳ ሲሞላ፣ የግእዙ ፊደል በዚያው ከተማ በጸሎት መጽሐፍ ልክ ቀረ።

አዲስ አበባም ስትጀምር በእጅ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1902 ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ ያወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ይዘጋጅ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ስሙን የያዘው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ሲጀምር የብረቱ ፊደል በአገር ውስጥ ተስፋፋ። ይሁንና ለቃሚው ሳጥን ውስጥ ያለው ፊደል የጽሑፍ ልክ ነበር። የጋዜጣ አናት፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የማስታወቂያ ርእስ ከተፈለገ አንድ እጁ የተባረከ ሰው በቀለም ይስለዋል፤ ከዚያ ክሊሼ የሚባል የማተሚያ ሰሌዳ ተሠርቶለት ይታተማል። በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ርእስ የማይገኘው ለዚህ ነው። የሳሉት ሰዎች ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።

ትልቁን ፊደል ወደ ገጠር ያወረደው ከመንግሥት ማተሚያ ቤት ይልቅ አንድ ግለሰብ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ በራሳቸው ማተሚያ ቤት ያሳተሙት የፊደል ገበታ በየቄስ ትምህርት ቤቱ ገባ። ልጆች በስንደዶ እየጠቆሙ ሀሁ የቆጠሩበት፣ ጠርዙ እስኪበላ የተጠቀሙበት ያ ወረቀት ለብዙ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያው ትልቅ የታተመ ፊደል ነበር። ፊደል ሲባል በሐሳባቸው የሚመጣው መልክ ያ የሆነላቸው ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው።

የጽሕፈት መኪናው ነገር ሌላ ፈተና ነበር። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተጨመሩም። መኪናው ያለው ቁልፍ ግን ለላቲን ፊደል የተመጠነ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች መፍትሔ የፈለጉት ግእዙን ፊደል አንዴ መትቶ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት በላዩ በመደረብ ነበር። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ውጤቱ ግን ለዐይን አይመችም። እግሩ ላይ የተቀጠለው ጭረት አንዳንዴ ይርቃል፣ አንዳንዴ ይደርባል። ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚለው የረጅም ዘመን ክርክር ከተጋጋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መኪና ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለታፔላ የሚሆነው ፊደል በከተሞች ሙያ ሆነ። ዓለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሰዓሊ አወጣ፤ ትምህርት ቤቱን ያልረገጡትም ከመምህራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ። የታፔላ ጸሐፊ መሣሪያው ላሜራ ወይም ቆርቆሮ፣ የዘይት ቀለም፣ ጠፍጣፋ ብሩሽና ጠመኔ ነው። መጀመሪያ በጠመኔ ሁለት መስመር ያሰምራል፤ ቀጥሎ ፊደሎቹን በስሱ ይነድፍና ቦታው መብቃቱን ያያል፤ «ምግብ ቤት» ሲል ጀምሮ ለ«ት» ቦታ ያጣ ታፔላ በየከተማው ስለማይጠፋ ይህ ጥንቃቄ የሙያው ሀሁ ነው። ጠፍጣፋው ብሩሽ የመቃውን ብዕር ጠባይ ይዟል፤ ወደ ታች ወፍራም፣ ወደ ጎን ቀጭን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ጸሐፊ ከሆነ ፊደሉ ላይ ጉልሕ ጉልሕ ይሸታል። ከዚያ ጥላው ይከተላል፤ ቢጫው ፊደል በቀይ ጥላ፣ ነጩ በጥቁር።

ደርግ መጣና ለዚህ እጅ ሥራ አበዛለት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰሌዳና ገበታ ወደ ቀበሌ ሁሉ ሲያደርስ፣ መፈክሩ ደግሞ በቀይ ጨርቅ ላይ፣ በአጥር ላይ፣ በአደባባይ ቅስት ላይ ተጻፈ። በመፈክር ፊደል ላይ ብዙ ውበት መፈለግ ሞኝነት ነው፤ ግን በየአውራጃው ትልቅ ፊደል መጻፍ የሚችል ሰው እንዲኖር አድርጓል። ዘመኑ ሲያልፍ እነዚያው እጆች ወደ ሆቴልና ወደ ሱቅ ታፔላ ዞሩ።

ባነር ማተሚያ ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው። ማሽኑ ሲመጣ ሁለት ቀን የሚፈጀው ታፔላ በሰዓታት አለቀ፤ ፎቶም ገባበት። ብሩሹ ተቀመጠ። የተቀመጠውን ብሩሽ የሚተካ ፎንት ግን ተዘጋጅቶ አልጠበቀም።

ኮምፒውተሩ በበኩሉ የራሱን ችግር ይዞ ነበር የመጣው። ፍሥሐ አጥላው በዳሽን፣ ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ ሆነው የጀመሩትን መንገድ ሌሎች ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በርካታ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ወጡ። ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ በየቢሮውና በየኮምፒውተር ቤቱ የታወቁ ናቸው። ርእስ መጻፊያ የሚሆኑ ፎንቶችም አብረዋቸው መጡ። ጣጣው እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር መደርደሩ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርኪ ምርኪ ይሆናል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻጻፍ የሚያስችል «ሴራ» የሚባል ሥርዓት እስከ መዘርጋት የደረሱት በዚህ ግራ መጋባት ዘመን ነው።

ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ «ሀ» በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ «ሀ» ሆነ። ለርእስ ፊደል ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ፎንት የማንንም ሶፍትዌር ሳይገዛ የሚሠራበት ጊዜ መጣ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቀድመው የደረሱት ግን እንደ ልማዳቸው ወደ ንባቡ ነው። ማይክሮሶፍት ጆን ሀድሰን የቀረጹትን ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 አሠራጨ። አፕል የፈረንሳዩን የዤሬሚ ኦርኑስን ከፋ ያዘ። ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው ድርጅት አቢሲኒካን በነጻ ለቀቀ። ሦስቱም ለተሠሩበት ሥራ ጥሩ ናቸው። ኒያላ በተለይ በአሥራ ሁለት ነጥብ ሲጻፍ የተረጋጋ፣ ዐይን የማይረብሽ ፊደል ነው። ስሙን የወሰደበት ደጋ አጋዘን የባሌ እንስሳ ነው፤ የዋልያ አገር ታፔላዎች በባሌ አጋዘን ስም በተጠራ ፊደል መጻፋቸውን የሚያስተውል ሰው ካለ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ነጻ የርእስ ፊደል ይዞ የመጣው ሰናምርምር የሚባለው ፕሮጀክት ነው። አባስ ዓለምነህ በዚህ ሥራ ስር ያወጧቸው ፎንቶች ጅረት፣ ውቅያኖስ፣ ዘላን፣ ጥንት፣ ዋሸራ እየተባሉ ይጠራሉ። በቁም ጽሕፈት ባለሙያው በይገዙ ብስራት ስም የተሰየሙም ሁለት አሉ፤ አንዱ ጎፈር፣ ሌላው ጎቲክ ይባላል። በጎንደር ብራና የጀመረውን የባለሙያ እጅ ከኮምፒውተሩ ጋር በስም ያገናኙት እነዚህ ናቸው። ጽድት ያሉ ናቸው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዶቹ ፊደሎች ክብደታቸው ከጎረቤታቸው ጋር አይመጣጠንም። ግን መልክ አላቸው፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። ዴቢያን የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ሥርዓት ከአቢሲኒካ ጎን አኑሯቸው ማንም እንዲያወርዳቸው ያድላል።

ለምን እንደነዚህ ያሉ ፎንቶች በመቶ የሚቆጠሩ አልሆኑም? የላቲን የርእስ ፊደል የሚሠራ ሰው 52 ፊደል፣ 10 ቁጥርና ጥቂት ነጥቦች ሥሎ ሊጨርስ ይችላል፤ ብዙዎቹም ትንንሾቹን ፊደሎች ይተዋሉ። አማርኛ የሚሠራው 231ዱን፣ ዲቃላዎቹን እነ ቋና ጓን፣ ከፈለገም ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን 20 የግእዝ ቁጥሮች ይሥላል። ካዕብና ሣልስ ብዙም አያስቸግሩም፤ «በ» ላይ ጎኑን ሲነኩት «ቡ»፣ እግሩን ሲነኩት «ቢ» ይሆናል። ሳድስና ሳብዕ ግን ሕግ አያውቁም፤ «ል»፣ «ር»፣ «ን» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመል አላቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማወፈር ነው። የርእስ ፊደል ያለ ውፍረት አይሆንም። «ጤ»ን ማወፈር የጀመረ ቀራጭ በአንድ ፊደል ውስጥ ሦስት እግር፣ በእግሮቹ መካከል ሁለት ጠባብ ክፍተት፣ ከቀኙ እግር ሥር ደግሞ አንዲት ቀለበት ያገኛል። እግሮቹን ሲያወፍር ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፤ ክፍተቶቹን ሲያሰፋ ፊደሉ ከጎረቤቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ቀለበቷ ከወፈረች ቀዳዳዋ ይጠፋና ነጥብ ትሆናለች፤ ከሩቅ ሲታይ «ጤ» ከ«ጢ» አይለይም። የድሮው ጸሐፊ ይህን በዐይኑ እየመዘነ ይፈታው ነበር፤ ቦታ ሲጠበው ቀለበቷን ዝቅ ያደርጋታል፣ መካከለኛውን እግር ያቀጥነዋል። ፎንት ሠሪው ግን መፍትሔውን አንዴ ወስኖ ለሁሉም ቃል እንዲስማማ ማድረግ አለበት። ባነር አታሚው ኒያላን ወደ ጎን ሲለጥጥ የሚበላሸውም ይኸው ነው፤ ቋሚዎቹ ይወፍራሉ፣ አግድሞቹ እንደነበሩ ይቀራሉ፣ ቀለበቶቹ እንቁላል ይሆናሉ።

ባለፉት ዓመታት ሁኔታው እየተሻሻለ ነው። የጉግል ኖቶ የአማርኛ ፊደሎች ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ዘጠኝ ደረጃ ይዘው በነጻ ቀርበዋል፤ ወፍራሙ ኖቶ ለርእስም ያገለግላል፣ ጠባዩ ግን ጨዋ ነው፣ አይደምቅም። ከዚህ የሚበልጠው ዜና ኢትዮጵያዊው ፊደል ቀራጭ ዓለሜ ታደሰ የሠሩት መንበረ በዚያው የጉግል መደብር መግባቱ ነው። ከዚህ ሌላ ወጣት ንድፍ ሠሪዎች የሠሯቸውን በቴሌግራም እየተለዋወጡ ነው። በነዚህ ውስጥ ጥሩም አለ፣ የእንግሊዝኛ ፎንት እግርና ራስ ተቆርጦ የተገጣጠመም አለ። የሁለተኛው ዓይነት በመጀመሪያ እይታ ያስታውቃል፤ «ሀ» የተገለበጠ የላቲን «ኤን» ይመስላል፣ «ዐ» ደግሞ የላቲኑ «ኦ» ራሱ ነው።

ነጻ የሚለው ነገር ግን መጣራት አለበት፤ ብዙ ሰው የተቸገረበት እዚህ ላይ ነው። በፍላሽ ስለተገኘ ፎንት ነጻ አይሆንም። አንዳንዱ ለግል ሥራ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ሆቴሉ ታፔላ ላይ ከጻፈበት ክፍያ ይጠየቅበታል። አንዳንዱ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተሠራጨ ነው። በእውነት ነጻ የሆኑት ፈቃዳቸው አብሯቸው የሚጓዝ ናቸው። አቢሲኒካ፣ ኖቶና መንበረ የወጡበት ክፍት የፎንት ፈቃድ ለምሳሌ ማንም እንዲጠቀም፣ እንዲያሻሽል፣ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን ይከለክላል፤ ያሻሻለውም ሰው ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ይህ ማለት የደባርቅ ወጣት አቢሲኒካን ወስዶ አወፍሮ፣ ጥላ አውጥቶለት፣ ሌላ ስም ሰጥቶ ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። ከባዶ 231 ፊደል ከመሣል ይህ ይቀላል።

ጉልሕም ቢሆን አልጠፋም። የብሪቲሽ ላይብረሪን የመቅደላ መጻሕፍት በከፊል፣ የአሜሪካኑን የኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ማይክሮፊልሞች ደግሞ በብዛት በኢንተርኔት ማየት ይቻላል፤ በዚህ ሁለተኛው ውስጥ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት የ9000 ገደማ የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለ። ከነዚህ ገጾች አንድ የጎንደር ጸሐፊ እጅ መርጦ፣ ፊደል በፊደል ቀድቶ፣ የጎደለውን ሞልቶ ርእስ የሚጻፍበት ፎንት ማድረግ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። የሚሠራው ሰው ስሙንና ፈቃዱን ፋይሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የክሊሼው ዘመን ሰዓሊዎች ስም የጠፋው እንደዚያ ሳይደረግ ቀርቶ ነው። ዳባትና ደባርቅ ታፔላ የሚያሠራው ባለ ሆቴልም አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «አማርኛውን በምን ፊደል ነው የምትጽፍልኝ?» ይበል። እንግሊዝኛውን እስኪያምርለት ሦስት ጊዜ የሚያስቀይር ደንበኛ አማርኛውን አንዴ ቢያስቀይር አታሚው ሌላ ፎንት ለማውረድ ይገደዳል።